«ጨጓራ ነው» ተብሎ የሚታለፈው የወጣቶች የልብ ሕመም

«ትናንት እኮ አብረን ነበርን፤ ምንም አልነበረውም።» በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሟቹ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ፣ እሑድ እሑድ ኳስ የሚጫወት፣ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ ትንፋሽ የማያጥረው ሰው ከሆነ ደግሞ «ስፖርተኛ ነበር እኮ!» የሚለው ይከተላል። ከዚያ ምች መታው የሚል አለ፤ የሰው ዓይን ነው የሚል አለ፤ አንድ ነገር አብልተውት ነው ብሎ የሚጠረጥርም አይጠፋም። ልብ የሚነሣው ከሁሉም በኋላ ነው። ብዙዎቻችን የልብ ሕመምን የአረጋውያን፣ የወፍራሞችና የባለጸጎች በሽታ አድርገን ስለምናየው በወጣት፣ ያውም በቀጭን ወጣት ላይ አንጠረጥረውም።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ነው። ጤነኛና ጠንካራ የሚመስል ወጣት ለምን በልብ ሕመም ይያዛል? ሕመሙ ሲጀምረውስ ለምን ሳያውቀው ሰዓቱ ያልፋል?

አስቀድመን ስሙን እናጥራ። በእኛ ዘንድ «የልብ ድካም» የሚለው ስያሜ ለሦስት የተለያዩ ነገሮች ሲውል እሰማለሁ። የመጀመሪያው ልብ ደም የመርጨት አቅሙ ሲቀንስ የሚመጣው ነው፤ እግር ያብጣል፣ ተጋድሞ መተኛት ያስቸግራል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ትክክለኛው የልብ ድካም ይህ ነው። ሁለተኛው በተለምዶ «ሃርት አታክ» የምንለው ሲሆን፣ የልብን ጡንቻ ራሱን ከሚመግቡት የደም ቧንቧዎች አንዱ በረጋ ደም ሲደፈንና በዚያ ቧንቧ የሚመገበው ጡንቻ ደም አጥቶ መሞት ሲጀምር የሚከሰት ነው። ሦስተኛው ልብ ከነአካቴው መምታት ሲያቆም ነው፤ ሰውየው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ስቶ ይወድቃል። ሃርት አታክ የያዘው ሰው ግን ሊናገር፣ ሊራመድ፣ መኪና ሊነዳ ሁሉ ይችላል። አታላይነቱም እዚህ ላይ ነው። በአንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ይሸጋገራል።

የእግር ኳስ ተከታታዮች በሰኔ 2013 ዓ.ም. ዴንማርካዊው ክርስቲያን ኤሪክሰን ኮፐንሀገን ላይ በአውሮፓ ዋንጫ ጨዋታ መሐል ሲወድቅ አይታችኋል። የካሜሩኑ ማርክ ቪቪየን ፎ ደግሞ በሰኔ 1995 ዓ.ም. ሊዮን ከተማ ውስጥ በ28 ዓመቱ ሜዳ ላይ ወድቆ ሕይወቱ አልፏል። በሁለቱም ላይ የደረሰው የልብ መቆም ነው። የፎ የልብ ጡንቻ ከመጠን በላይ የወፈረ እንደነበር ከሞቱ በኋላ ታውቋል፤ ይህ ችግር ብዙ ጊዜ በዘር የሚተላለፍ ነው። በጥቅሉ ሲታይ ከ35 ዓመት በታች ያሉ ስፖርተኞች በድንገት ሲሞቱ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ እንዲህ ያለ አብሮ የተወለደ ወይም በዘር የመጣ የልብ ችግር ነው። ከ35 ዓመት በኋላ ግን ቀዳሚው ምክንያት የልብ ደም ቧንቧዎች በሽታ ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ በአብዛኛው የማወራው ስለዚህኛው ነው።

«ትናንት 10 ኪሎ ሜትር ሮጬ ምንም አልሆንኩም» የሚለኝ ሰው አለ። እውነቱን ነው። ነገር ግን ሩጫው የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልቡ ቧንቧዎች እጅግ አልጠበቡም። ቧንቧ በጉልበት ሥራ ጊዜ ሕመም የሚያሰማው አብዛኛው ስፋቱ ከተዘጋ በኋላ ነው። ሃርት አታክን የሚያስነሣው ግን ብዙ ጊዜ ግማሹን እንኳ ያልዘጋ የስብ ክምችት ነው። ይህ ክምችት በላዩ ስስ ሽፋን አለው። ሽፋኑ ሲቀደድ ሰውነት ቁስል ያገኘ ይመስለውና ደሙን በቦታው ያረጋዋል፤ የረጋው ደም ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ቧንቧውን ይደፍነዋል። ትናንት ክፍት የነበረው መንገድ ዛሬ ይዘጋል ማለት ነው።

ክምችቱ የሚጀምረውም በእርጅና አይደለም። እ.አ.አ. በ1953 የታተመና እስካሁን የሚጠቀስ ጥናት አለ። በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 አሜሪካውያን ወታደሮች ልብ ተመርምሮ ነበር። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ዓመት ነው፤ ለውጊያ ብቁ ናችሁ ተብለው የተመረጡ፣ ሲሮጡ ሲዘሉ የኖሩ ልጆች ናቸው። ከአራቱ በሦስቱ ያህል የልብ ቧንቧ ላይ ይህ ክምችት መጀመሩ ታየ።

ይህን ስል ስፖርት አቁሙ እያልኩ አይደለም። የሚንቀሳቀስ ሰው ከማይንቀሳቀሰው ይልቅ በልብ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ያነሰ ነው፤ ይህ አያከራክርም። የሚያስቸግረው ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ቅዳሜ ሲጠጣ አምሽቶ፣ እሑድ ጠዋት ሳያሟሙቅ ከሃያ ዓመት ልጆች ጋር ሜዳ የሚገባው ነው። ሰውነት ባልለመደው ከባድ ጉልበት ላይ ባለበት ሰዓት አደጋው ለጊዜው ከፍ ይላል። ጉንፋን ከትኩሳት ጋር ይዞዎት እያለ «በላብ ላውጣው» ብለው መሮጥም አደገኛ ነው። አንዳንድ ቫይረሶች የልብ ጡንቻን ስለሚያስቆጡ ትኩሳቱ ጠፍቶ እስኪያገግሙ ድረስ ዕረፍት ያድርጉ።

ወጣቱን ለዚህ የሚያጋልጠው ምንድን ነው ቢሉ የመጀመሪያው ሲጋራ ነው። ሃርት አታክ ከያዛቸው ወጣቶች መካከል አብዛኞቹ አጫሾች ሆነው ይገኛሉ። «በቀን ሦስት ብቻ» የሚል ማስተባበያ ለልብ አይሠራም፤ ጥቂት ሲጋራም ደም እንዲረጋ ያግዛል። ሺሻም በውኃ ውስጥ ስላለፈ አይጠራም። ጫትን በተመለከተ ብዙ ሰው ስለ እንቅልፍና ስለ ጥርስ ይጨነቃል እንጂ ስለ ልብ ሲያነሣ አልሰማም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር የደም ግፊትንና የልብ ምትን ይጨምራል፣ የልብ ቧንቧዎችም እንዲኮማተሩ ያደርጋል። ጫት በስፋት በሚቃምባት የመን የተደረጉ ጥናቶች በቃሚዎች ላይ ሃርት አታክ በብዛት እንደሚታይ አሳይተዋል። የእኛ አገር ልማድ ደግሞ ጫቱን ብቻ አይተወውም፤ በምርቃናው ሰዓት ሲጋራው በላይ በላዩ ይለኮሳል፣ ማታ ጨብሲው ይከተላል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። አንድ ልብ በአንድ ቀን ይህን ሁሉ ይሸከማል።

ጡንቻ ለማውጣት በየጂሙ ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጡት የሆርሞን መርፌዎችና እንክብሎችም አሉ። ውጪውን ያሳምራሉ። ውስጡን ግን ጠቃሚውን ኮሌስትሮል ያወርዳሉ፣ ደም ያወፍራሉ፣ የልብን ጡንቻ ያደድራሉ። የደም ግፊትና ስኳር ምልክት ሳይሰጡ ለዓመታት መቆየታቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ወገኖቻችንም መድኃኒታቸውን በአግባቡ እየወሰዱም ቢሆን የልብ ክትትል ያስፈልጋቸዋል። ከሁሉም የሚደበቀው በዘር የሚመጣ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ነው። ቀጭን፣ ጾመኛ፣ ሥጋ የማይወድ ሰው ላይ ይገኛል። ከሕፃንነት ጀምሮ ሲጠራቀም ኖሮ በሠላሳዎቹ ወይም በአርባዎቹ ይፈነዳል።

አሁን ወደ ጨጓራው እንምጣ። በየጤና ተቋሙ በየቀኑ ከምንሰማቸው ቃላት አንዱ «ጨጓራዬን» የሚለው ነው፤ በአብዛኛውም እውነት ጨጓራ ነው። የታችኛው የልብ ግድግዳ ግን የተቀመጠው ከሆድ በላይ ባለችው የመተንፈሻ ጡንቻ ላይ ነው። እዚያ ያለው ቧንቧ ሲደፈን ሕመሙ በደረት ግራ በኩል ሳይሆን ልክ እንብርትና ደረት መሐል ሊሰማ ይችላል፤ ማቅለሽለሽና ማስመለስም ይጨምርበታል። ከዚህ በላይ ጨጓራ የሚመስል ነገር የለም።

አንድ የ36 ዓመት የባንክ ሠራተኛ ትዝ ይለኛል። የሠፈሩ ቡድን አማካይ ተጫዋች ነው፤ ያጨሳል። ሐሙስ ማታ ከራት በኋላ ሕመሙ ጀመረው። ተልባ ተበጥብጦለት ጠጣ። አልሻል ሲለው ወንድሙ ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል ገዝቶ መጣ። ሌሊቱን በላብ ተነክሮ ተቀምጦ አደረ፤ ዓርብ ሻል አለውና ሥራ ገባ። ቅዳሜ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ነው ወደ እኛ የመጣው። በኢሲጂ ሲታይ የተደፈነው ቧንቧ ሥራውን ጨርሶ ነበር፤ ሻል ያለው ጡንቻው ስለሞተ ነው። ዛሬ በሕይወት አለ፣ መድኃኒቱን ይወስዳል። ጤናማ ልብ በእያንዳንዱ ምት ከያዘው ደም ከግማሽ በላይ ይረጫል፤ የእሱ ግን 35 በመቶ ላይ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው ቤቱ ሲወጣ ሁለት ጊዜ ቆሞ ያርፋል። በዚያች ሐሙስ ሌሊት ደርሶ ቢሆን ኖሮ የረጋውን ደም በመድኃኒት ማሟሟት ወይም ቧንቧውን በቀጭን መሣሪያ መክፈት ይቻል ነበር። ቧንቧ የሚከፍቱት ተቋማት ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ በክልል ከተሞች ላለ ሰው እያንዳንዱ ሰዓት ይበልጥ ውድ ነው። ሕክምናው ብዙ የሚጠቅመው ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሆን 12 ሰዓት ካለፈ ጥቅሙ በእጅጉ ይቀንሳል።

ታዲያ በምን ይለያል? የጨጓራ ሕመም በአብዛኛው ያቃጥላል፣ ከምግብ ጋር ይያያዛል፣ የቆየ ጠባዩን ባለቤቱ ያውቀዋል። የልቡ ሕመም ድንጋይ እንደተጫነ ሁሉ ይከብዳል፣ ይጨመድዳል፤ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ይሄዳል። ቀዝቃዛ ላብ አለው። ከ15 ደቂቃ በላይ ቆይቶ አልለቅ ይላል። ሴቶች ላይ ደግሞ ከሕመሙ ይልቅ የትንፋሽ ማጠርና ከባድ ድካም ጎልቶ ሊታይ ስለሚችል «ጭንቀት ነው» ተብለው ይመለሳሉ። በእርግዝና ወቅትና ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ወጣት እናቶችም በዚህ ሕመም ሊያዙ ይችላሉ። የጨጓራ ሽሮፕ ወስደው ስለተሻለዎት ብቻ ልብ አይደለም ብለው አይደምድሙ፤ በሽሮፕ የሚለይ ነገር አይደለም። የሚለየው በኢሲጂና በደም ምርመራ ነው። የመጀመሪያው ኢሲጂ ደህና ሆኖ ሕመሙ ካልለቀቀ ምርመራው እንዲደገምልዎት ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው።

እንዲህ ያለ ሕመም ሲጀምርዎት ያሉበት ቦታ ቁጭ ይበሉ። መኪና አይንዱ፣ «ንፋስ ልቀበል» ብለውም አይራመዱ። አምቡላንስ በ907 ይጠሩ፤ የሚዘገይ ከሆነ ሌላ ሰው በታክሲ ያድርስዎት። የሚሄዱትም ወደ ፋርማሲ ሳይሆን ኢሲጂ ወዳለበት ሆስፒታል ነው። አስፕሪን የማይስማማዎት ካልሆነ፣ ደም ያስመለሰዎት ወይም ሰገራዎ የጠቆረበት ጊዜ ከሌለ 300 ሚሊ ግራም አስፕሪን አኝኮ መዋጥ ይረዳል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ካርድ ክፍል ሲደርሱ «ጨጓራዬን ነው» ብለው ከተመዘገቡ ወረፋ ይጠብቃሉ። «ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ፣ ላብ አጠመቀኝ» ይበሉ።

ሰው ፊትዎ በድንገት ቢወድቅስ? ልቡ የቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ሊንፈራገጥ፣ እያቋረጠም እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ሊያሰማ ይችላል። ይህን ያየ ሰው የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ክብሪት ለኩሶ ሊያሸትት፣ ውኃ ሊረጭ ይሯሯጣል፤ ውዱ ጊዜ በዚህ ያልቃል። ሲጠሩት ካልመለሰና በደንብ ካልተነፈሰ በጀርባው ያስተኙት፣ በደረቱ አጥንት መሐል የሁለት እጅ መዳፍዎን ደራርበው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እየገባ ጠንክረው ይጫኑ። ሲደክምዎ ሌላ ሰው ይቀበልዎት፤ እርዳታ እስኪደርስ አይቁም። ኤሪክሰንን ያተረፈው ይኸው ደረቱ ላይ የተደረገለት መጫንና ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሣው መሣሪያ ነው። ከወራት በኋላ ወደ ሜዳ ተመልሷል።

ሳይታመሙ በፊት የሚደረገው ብዙ ወጪ የለውም። ዕድሜዎ ሠላሳ ከሞላ የደም ግፊትዎን፣ ስኳርዎንና ኮሌስትሮልዎን ይለኩ። በሩጫ ወይም በጨዋታ መሐል ራሱን የሳተ ሰው ካለ «ቁርስ አልበላም ነበር» ተብሎ አይታለፍ፤ ልቡ ሳይታይ ወደ ሜዳ አይመለስ። በልጅነታቸው ቶንሲል እየደጋገመ ያመማቸውና አሁን ትንፋሽ የሚያጥራቸው ወጣቶችም የልብ በር ችግር ሊኖርባቸው ስለሚችል ይመርመሩ። ከዚህ ሌላ ቤተሰብዎን ይጠይቁ። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እኅት ከ65 ዓመት በፊት በልብ ታመው ከሆነ የእርስዎም ስጋት ከፍ ይላል። ችግሩ ብዙዎቻችን ዘንድ መልሱ «ድንገት ነው የሞተው» ወይም «ምች ነው» መሆኑ ነው። እንግዲያውስ ጥያቄውን ይለውጡት፤ ስንት ዓመቱ ነበር? ምን እየሠራ ነበር? ከዚያ በፊት ጨጓራዬን ይል ነበር ወይ?

ታክመው ለተነሡ ወጣቶች ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከወር ሁለት ወር በኋላ ምንም ስለማይሰማቸው ብዙዎቹ መድኃኒቱን ያቆማሉ። በተለይ ቧንቧቸው ውስጥ ማስፊያ የተቀመጠላቸው ሰዎች ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን መድኃኒት በራሳቸው ጊዜ ካቋረጡ ማስፊያው ራሱ ሊደፈን ይችላል። የጾም ወቅት ሲደርስም ማቆም አያስፈልግም፤ የሚወሰድበትን ሰዓት ከማፍጠሪያ ወይም ከጾም መፍቻ ጋር ማስተካከል ይቻላልና ወቅቱ ከመግባቱ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።