ልጆቹን የሚያዘምሩት

ጥር 10 ቀን ታቦታት ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ፣ መንገድ ዳር የቆመው ሕዝብ ስልኩን ቀድሞ የሚያነሣው ለሕፃናት መዘምራን ነው። ልብሳቸውን አሳምረው፣ ከታላላቆቻቸው እኩል እያሸበሸቡ ሲያልፉ እልል ይባልላቸዋል፤ ይገባቸዋልም። ከሰልፉ ጎን ግን የውኃ ፌስታል አንጠልጥላ፣ ድምፅዋ ሰልሎ፣ ጥቂት በተራመደች ቁጥር ዞራ ራስ የምትቆጥር አንዲት ሴት አለች። እሷን ማንም ፎቶ አያነሣትም፤ እሷም ለፎቶ ጊዜ የላትም። የዛሬው ጽሑፌ ስለ እሷና ስለ ጓደኞቿ ነው። እኔም ከእነሱ አንዷ ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት የሕፃናትና የአዳጊዎችን መዝሙር አስጠናለሁ።

ሥራዬን የሚሰሙ ሰዎች "እንግዲያማ ድምፅሽ ሸጋ ነዋ!" ይሉኛል። ድምፄ መካከለኛ ነው፤ ጆሮዬ ግን ደህና ነው። ለዚህ ሥራ ከድምፅ ጆሮ ይበልጣል፤ ከጆሮ ትዕግሥት ይበልጣል፤ ከትዕግሥትም ሰዓት ማክበር። ስምንት ሰዓት የተቀጠሩ ሕፃናት አስጠኚያቸውን ስምንት ተኩል ድረስ ካላዩ ኳስ ይጀምራሉ። ኳስ የጀመረን ልጅ ወደ መዝሙር መመለስ አዲስ መዝሙር ከማስጠናት ይከብዳል።

በአንድ ሰው አይቆምም

ከውጭ ሲታዩ የልጆች መዘምራን አንድ መሪ ብቻ ያላቸው ይመስላል። ጠጋ ብሎ ላየው ቢያንስ አራት ዓይነት ሥራ አለ። አስጠኚዋ ግጥሙንና ዜማውን ታስይዛለች። አውጪው መዝሙሩን ያነሣል፤ ሌላው ይቀበላል። ከበሮ መቺው አካሄዱን ይጠብቃል፤ ከበሮ ከፈጠነ መዝሙሩ ሁሉ ይሮጣል፣ እግራቸው ያልጠና ትንንሾቹም ሽብሸባው ይጠፋባቸዋል። አራተኛዋ መዝገብ ያዥ ናት። የማን እናት ስልክ የትኛው እንደሆነ፣ አስም ያለበት ማን እንደሆነ፣ ብቻውን ወደ ቤት እንዳይሄድ የተባለው ልጅ የቱ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። የእኛዋ መዝገብ ያዥ አንድም ቀን መዝሙር አውጥታ አታውቅም፤ እሷ የቀረች ዕለት ግን ጥናቱ ይተራመሳል።

ወረብ ሲሆን አምስተኛ ሰው ይጨመራል። ወረብ ከቅዱስ ያሬድ ዜማ የሚወጣ፣ በጸናጽል፣ በመቋሚያና በከበሮ የሚቀርብ ስለሆነ በግምት አይጠናም፤ የደብሩን መሪጌታ እንለምናለን። የእኛ መሪጌታ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸው። ሕፃናቱን የሚጠሯቸው "መዘምራን" ብለው ነው። የሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ ተብሎ ሲጠራ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ወገቡን ቀና አድርጎ ይቆማል። እኔ ግማሽ ሰዓት ለምኜ የማላመጣውን ጸጥታ እሳቸው በአንድ ቃል ያመጡታል።

ይህ ሥራ የእኛ ብቻ አይደለም። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የልጆች ኳየር የሚያሠለጥኑ ወጣቶች አሉ፤ እዚያ ኪቦርድ የሚጫወተው እኛ ዘንድ ከበሮ መቺው የሚይዘውን ቦታ ይይዛል። በመድረሳም ለልጆች ነሺዳ የሚያስጠኑ አሉ። እኔ ራሴ ነሺዳ የምታስጠና ጎረቤት አለችኝ። ቡና ላይ ስንገናኝ ስለ ዜማ አውርተን አናውቅም፤ የምናወራው ልጃቸውን መጥተው ለመውሰድ ስለሚዘገዩ ወላጆች ነው።

ዜማው በጆሮ ይገባል

የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ የራሱ ምልክት አለው። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉት ምልክቶች ከፊደሉ በላይ ይጻፋሉ፤ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉት በሦስቱ የዜማ ስልቶችም ይዜማሉ። ምልክቶቹን አንብቦ ማዜም ግን የድጓ ተማሪ ዓመታት የሚፈጅበት ሙያ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ዜማውን የሚያገኘው በጆሮው ነው። ስለዚህ የምናስጠናው በቃል ትምህርት መንገድ ነው፦ አንድ ስንኝ እላለሁ፣ ልጆቹ ይመልሱታል፤ እሱ ሲጠራ ሁለተኛውን እጨምራለሁ፤ ከዚያ ሁለቱን አያይዤ አስብላቸዋለሁ። ዜማው ከመነሣቱ በፊት ቃሉን በንባብ እናልፈዋለን፤ ግእዝ ከሆነ ምን እንደሚል እነግራቸዋለሁ። የሚለውን ያላወቀ ልጅ የቃሉን መጨረሻ ይውጠዋል። ያወቀ ልጅ ደግሞ ቤቱ ገብቶ ለእናቱ ያስረዳል፤ እናቲቱም እሑድ መጥታ "እውነት እንዲህ ነው የሚለው?" ብላ ትጠይቀኛለች።

ብዙ ቦታ የማየው ችግር የድምፅ ከፍታ ነው። የጎልማሳ ወንድ የድምፅ አውታር ሲናገር በሰከንድ ከ100 እስከ 130 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የሴት 200 ገደማ፣ የትንሽ ልጅ ደግሞ ከ250 በላይ። እንግዲህ ጎርናና ድምፅ ያለው ወንድማችን መዝሙሩን ለራሱ ጉሮሮ በሚመቸው ልክ ሲያወጣው ምን ይሆናል? ጥቂት ልጆች ወደ ላይ አንሥተው ያገኙታል። የቀሩት ወደ ታች ሊከተሉት ሲሞክሩ ድምፃቸው ይታፈንና ያጉረመርማሉ። አስጠኚው "አልሰማችሁም፣ ጮክ በሉ!" ይላል። ያኔ እውነተኛው ጩኸት ይጀመራል። መድኃኒቱ ገንዘብም ሥልጠናም አይጠይቅም፤ ከእኅቶች አንዷ ወይም ከአዳጊዎቹ አንዱ ያውጣው።

ጮክ ማለት ጥሩ መዘመር የሚመስላቸው ሕፃናቱ ብቻ አይደሉም። ለበዓል ሞንታርቦ ሲተከል አዋቂዎቹም "ማይኩን አስጠጓቸው" ይላሉ። ልጆች በየጥናቱ እየጮኹ ካደጉ ጉሮሯቸው ይሻክራል፤ እርስ በርሳቸውም መደማመጥ አይለምዱም። እኔ ሁለት ነገር አሠራቸዋለሁ። አንደኛው፣ ለሁለት ከፍዬ አንዱ ወገን ሲዘምር ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ እንዲሰማ ማድረግ ነው። ስሕተቱን የሚናገረው የሰማው ወገን ነው፤ እኔ ብናገር ከማርማቸው በላይ አንዱ ሌላውን ያርማል። ሁለተኛው የትንፋሽ ልምምድ ነው። ጧፍ እናበራለን፤ ልጁ እሳቱ እንዲያዘነብል ግን እንዳይጠፋ አድርጎ ቀስ ብሎ እፍ ይላል። ትንፋሹን ቆጥቦ ማውጣት የለመደ ልጅ ረጅሙን ስንኝ ሳይቆርጥ ያደርሰዋል። ይህንን ጨዋታ ስለሚወዱት መዝሙር ያልፈለጉ ቀን እንኳ ለጧፉ ይመጣሉ።

ወንዶቹ 12፣ 13 ዓመት ሲሞላቸው ሌላ ነገር ይመጣል። ማንቁርታቸው ያድጋል፣ የድምፅ አውታራቸው ይረዝማል፤ ትናንት ቀጭን የነበረው ድምፅ በመዝሙር መሀል ይሰበራል። ጓደኞቹ ይስቃሉ፣ ልጁ ያፍራል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀራል። ብዙ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ወንድ ልጆችን የሚያጡት በዚህ ዕድሜ ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ ያን ጊዜ ከበሮ እናስይዘዋለን፤ ዝቅ ባለው ድምፁ ሳይጨነቅ እንዲቀበልም እንተወዋለን። ደብራችን ውስጥ ካሉት ጎበዝ ከበሮ መቺዎች አብዛኞቹ የተገኙት እንዲህ ነው።

"አጎቱ ለምን ገረፈው?"

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ የማያውቅ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ የለም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአክሱም የተወለደው ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት፣ አጎቱ አባ ጌዴዎን ገርፈውት ሸሽቶ ሲሄድ፣ እየወደቀ እየተነሣ ዛፍ ላይ የሚወጣ ትል አይቶ ተመለሰ ይላል ትውፊቱ። እኛ አዋቂዎቹ ታሪኩን የምንተርከው ለትሉ ስንል ነው። ልጆቹ ግን ዘወትር የሚጠይቁኝ "ቲቸር፣ አጎቱ ለምን ገረፈው?" ብለው ነው።

ጥያቄያቸው ልክ ነው። እኛ ዘንድ አለንጋ የለም፤ ቁንጥጫም የለም። የሚረብሽ ልጅ አጠገቤ ይቆማል፤ ወይም ጸናጽል ይሰጠዋል። እጁ ሥራ ካገኘ አፉ ወደ መዝሙሩ ይመለሳል። ከዚህ ሌላ የማናልፈው ደንብም አለን፦ ሁለት አገልጋይ የሌለበት ጥናት አይካሄድም፤ አንድ አዋቂ ከአንድ ሕፃን ጋር በር ዘግቶ አይቀመጥም፤ ሳይመሽ ጥናት ያልቃል። ይህን ጽፈን ሁላችንም ስንፈርም ያኮረፉ ነበሩ። "በእግዚአብሔር ቤት እንተማመን እንጂ" አሉ። መተማመን መልካም ነው፤ ደንቡ ግን ልጁንም አገልጋዩንም ይጠብቃል።

ዓመቱ በበዓል ይሰፈራል

የእኛ ዓመት የሚቆጠረው በበዓላት ነው። መስከረም 16 ደመራ አለ፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌ ነው፤ ታኅሣሥ 29 ልደት፣ ጥር 11 ጥምቀት ይከተላሉ። የየበዓሉ መዝሙር የተለየ ስለሆነ ሁልጊዜ የምናጠናው ገና ላልደረሰ በዓል ነው። የትምህርት ቤት ፈተና ደግሞ የእኛን በዓል አይጠብቅም። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና ጥምቀት ሰሞን ሲደርስ ስልኬ ያለ ዕረፍት ይጮኻል፤ "እኅቴ፣ ልጁን ዛሬ ልቀቂልኝ" የማይል ወላጅ የለም። እለቃለሁ። የሒሳብ ፈተና የወደቀ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት መዝሙር ይከለከላል፤ ስለዚህ ለመዝሙሩም ስል እለቃለሁ።

ጥር 10፣ የከተራ ዕለት፣ መዝሙሩ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። የየልጁ ስምና የወላጅ ስልክ በካርድ ተጽፎ አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል፤ ትንንሾቹ መሀል፣ አዳጊዎቹ ዳር ዳር ይቆማሉ፤ መጸዳጃ ቤት የሚገኝበት ቦታ አስቀድሞ ይጠናል። ጫማ የሚጠበው ልጅ አይጠፋም፤ ስለዚህ ፕላስተር ከቦርሳችን አይጠፋም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮና ጸናጽል ለ55 ቀን ይቀመጣሉ። ጀማሪ አስጠኚዎች ይህን ጊዜ ይፈሩታል፤ ልጆቹ ይሰለቻሉ ብለው ያስባሉ። እኔ ከዓመቱ ሁሉ የምወደው ይህን ወቅት ነው። ከበሮ የሸፈነው ስሕተት ሁሉ ያን ጊዜ ገሃድ ይወጣል፤ ማን ከዜማው እንደሚወጣ፣ የትኛው ቃል እንደተበላ ይሰማል። በትንሣኤ የሚደነቀው መዝሙር የሚሠራው በጾሙ ጸጥታ ነው።

ሠላሳ ዓመት ሲሞላስ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። የቤተ ክርስቲያናችን መተዳደሪያ ደንብ በሆነው በቃለ ዓዋዲ መሠረት የሰንበት ትምህርት ቤት አባልነት ከ4 እስከ 30 ዓመት ነው። ደንቡ ምክንያት አለው፤ ቦታው የወጣቶች እንዲሆን፣ ትላልቆቹም ወደ ሰበካ ጉባኤና ወደ ሌላ አገልግሎት እንዲሄዱ ነው። በልጆች መዝሙር ላይ ግን ጉዳቱ ይታያል። አንድ አስጠኚ ሕፃናትን መያዝ፣ ድምፃቸውን መለየት፣ ወላጅን ማግባባት እስኪለምድ ዓመታት ይፈጃል። ሲበስል ሠላሳ ይሞላዋል፤ ብዙዎቹ ከዚያም በፊት በትዳር ወይም በሥራ ይርቃሉ። በምትኩ የሚመጣው የ18 ዓመት ወጣት ቅንነት ሞልቶታል፤ ግን ሁሉን ከሀ ይጀምራል፤ ልጆቹም አብረውት ከሀ ይጀምራሉ። እኔም ወደዚያ ዕድሜ እየተጠጋሁ ነው።

ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችን ደስ ብሎናል። ቅርሱን ወደሚቀጥለው ትውልድ የሚያሻግሩት ግን ቅዳሜ ከሰዓት በየአዳራሹ የሚለፉ አገልጋዮች ናቸው። ደሞዝ የላቸውም፤ ይከፈለን የሚልም አላየሁም። የሚያስፈልጋቸው ጥቂት ነገር ነው። ሠላሳ የሞላቸው አስጠኚዎች አባልነታቸው ቢያበቃም በአሠልጣኝነት እንዲቆዩ የየደብሩ አስተዳደር በር ይክፈት። ነባሩ ከመልቀቁ በፊት ተተኪው ሁለት የበዓል ዙር አብሮት ያስጠና። ለውኃ፣ ለትራንስፖርት፣ ለከበሮ ጥገና የሚሆን አነስተኛ በጀት ይያዝ፤ ዛሬ ይህ ሁሉ ከአስጠኚዎቹ ኪስ ይወጣል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን በሰዓቱ አምጡት፣ በሰዓቱም ውሰዱት፤ ማታም "ዛሬ ምን አጠናችሁ?" ብላችሁ ጠይቁት። ጊዜ ያላችሁ ደግሞ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤታችሁ ጎራ በሉ፤ መዝገብ የሚይዝ፣ በር የሚጠብቅና ልጆች የሚሸኝ ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል።