ላማችሁ መቼ ትወልዳለች? ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ

ላማችሁ መቼ ነው የምትወልደው? ብንላችሁ፣ «ዘጠኝ ወሯ ሲሞላ ነዋ!» ትሉናላችሁ። መቼ ተጠቃች? ብንላችሁ ደግሞ፣ «ለሚካኤል ማግስት» ትሉ ይሆናል። የትኛው ሚካኤል? የኅዳሩ ነው ወይስ የታኅሣሡ? ሚካኤል እንደሆነ በየወሩ በ12 ይመጣል። በዚህች ስሕተት ብቻ ሠላሳ ቀን ጠፋ ማለት ነው።

ሠላሳ ቀን ቀላል አይደለም። ላሚቱ ባልታሰበ ሌሊት ብቻዋን ታምጣለች። ጥጃው ተጣሞ ቢመጣ የሚደርስላት ሰው የለም። ጠዋት በረቱ ሲከፈት ጥጃው ሞቶ ይገኛል። አንዳንዴ ላሚቱም ትከተለዋለች። የዓመት ድካም በአንድ ሌሊት ሄደ።

ሁለት ጎረቤቶች በሳንሱሲ

ሳንሱሲን ታውቋታላችሁ? በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ ከአስኮ አልፎ ወደ ቡራዩ በሚወስደው በአምቦ መንገድ ላይ ነች። እንግዲህ በዚያ ሁለት ጎረቤቶች አሉ እንበል። አንደኛው የፈረንጅ ላም አለችው። ዘሯ ፍሪዥያን ነው። ሁለተኛው ሻኛ ያላት የሐበሻ ላም አለችው። ሁለቱም ላሞች ጥር 1 ቀን ተጠቁ። አንደኛዋ ከፍሪዥያን ኮርማ፣ ሁለተኛዋ ከሐበሻ ኮርማ።

ፍሪዥያኗ ጥቅምት 5 ቀን ወለደች። የጎረቤቷ ላም ግን ምንም የለም። ጥቅምት 8 ሆነ፣ ጥቅምት 10 ሆነ። ባለቤቱ ተጨነቀ። «ጥጃው ሞቶባት ይሆናል፤ ሰው ጠርተን እናስወጣው» አለ። ላሚቱ ግን ጥቅምት 14 ቀን በሰላም ወለደች። ጥጃውም ደኅና ነው።

አያችሁ? ሁለቱም ላሞች ትክክል ነበሩ። አንዷ 279 ቀን፣ ሌላዋ 288 ቀን ተሸከመች። የተሳሳተው ለሁሉም ላም አንድ ቀን የቆረጠው ሰው ነው።

እንደ ዘሩ ይለያያል

በ1939 ዓ.ም. ገደማ ኡንራ የተባለው የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት የወተት ከብቶች ወደ አገራችን ላከ። ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ የሚባሉ ዘሮች ነበሩ። ሁለቱም የወተት ላሞች ናቸው። ነገር ግን ፍሪዥያን በአማካይ 279 ቀን ስትሸከም፣ ብራውን ስዊስ 290 ቀን ያህል ትሸከማለች። አብረው ቢጠቁም አሥር ቀን ያህል ይለያያሉ።

የሥጋ ከብቶችም እንዲሁ ናቸው። አንገስ የሚባለው ዘር ከ280 ቀን ብዙም አይርቅም። ሄርፎርድ 285 ቀን አካባቢ ነው። ሻሮሌና ሲመንታል 288 ቀን ገደማ ይቆያሉ። ሻኛ ያለው ብራህማን 290 ቀን ይደርሳል። የእኛዎቹ ቦረናና ሆሮም ሻኛ ያላቸው ናቸው። ስለዚህ 280 ቀን አለፈ ተብሎ አይደነገጥም።

በሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ከ1960ዎቹ ጀምሮ የአገራችንን ዘሮች ከፍሪዥያን፣ ከጀርሲና ከሲመንታል ጋር የማዳቀል ሥራ ተሠርቷል። ሆለታም በዚያው በአምቦ መንገድ ላይ ነው። በቃሊቲ ደግሞ በ1970ዎቹ የሰው ሠራሽ ማዳቀል ማዕከል ተቋቋመ። ዛሬ በብዙ በረት ያለችው ላም ዲቃላ ነች። የዲቃላ ጥጃ እርግዝና ከእናትና ከአባት ዘር መካከል ላይ ይውላል።

የአባት ዘር ለምን ይቆጠራል?

የምትሸከመው እናቲቱ ሆና ሳለ ኮርማው ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ለመወለድ ምልክት የሚሰጠው ራሱ ጥጃው ነው። ጥጃው ሲበስል ከኩላሊቱ በላይ ያለች ትንሽ ዕጢ ንጥረ ነገር ታመነጫለች። ይህም የእናቱን ማሕፀን ለምጥ ያዘጋጃል። ጥጃው ደግሞ ግማሹ የአባቱ ነው። ስለዚህ የኮርማው ዘር ቀኑን ያስረዝማል፤ ያሳጥራልም።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። ወይፈን ጥጃ ከጊደር ጥጃ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይዘገያል። መጀመሪያ የምትወልድ ጊደር ጥቂት ትፈጥናለች። መንታ ያረገዘች ላምም ቀድማ ትወልዳለች።

አቆጣጠሩ እንዴት ነው?

የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። 280 ቀን ማለት 9 ወር ከ10 ቀን ነው። ላሚቱ መስከረም 1 ቀን ከተጠቃች፣ 9 ወር ሲቆጠር ሰኔ 1 ይሆናል። 10 ቀን ጨምሩ። ሰኔ 11 ሆነ።

ጳጉሜን በመካከል ካለፈች ግን እሷም 5 ቀን አላትና፣ 9 ወር ከ5 ቀን ቁጠሩ። ላሚቱ ጥር 1 ቀን ከተጠቃች ጥቅምት 6 ቀን ይሆናል። ጳጉሜን 6 ስትሆን አንድ ቀን ቀንሱ።

ይህ የመካከሉ ቀን ነው። ከእሱ አሥር ቀን ቀድማችሁ መጠባበቅ ጀምሩ። ሻኛ ላላት ላም ወይም ለረጅም ዘር ደግሞ ከእሱ በኋላ አሥር ቀን ታገሡ።

ምን ይጻፍ?

አንድ ደብተር ግዙ። ሦስት ነገር ጻፉ። የላሚቱን ስም፣ የተጠቃችበትን ቀን፣ የኮርማውን ዘር። እንዲህ፦ «ሻሼ። ጥር 1። ፍሪዥያን ኮርማ።» በሰው ሠራሽ ዘዴ ከሆነ አዳቃዩን ጠይቃችሁ የኮርማውን ዘርና ቁጥር አስጽፉ።

ላሚቱ በ21 ቀን ገደማ ተመልሳ ኮርማ ከፈለገች አላረገዘችም ማለት ነው። እንደገና ስትጠቃ አዲሱን ቀን ጻፉ። የሚቆጠረው ከመጨረሻው ቀን ነው።

ደብተሩ ምን ይጠቅማል?

7 ወር ከ10 ቀን ሲሆናት ማለብ አቁሙ። ጥር 1 ለተጠቃችው ላም ይህ ነሐሴ 11 ነው። ሁለት ወር ካረፈች ግቷ ለሚቀጥለው ወተት ይዘጋጃል። ፉርሽካና ፋጉሎ ካላችሁ፣ ካለቻችሁም ላይ ቢሆን ቆጥባችሁ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አቅምሷት።

270 ቀን ሲሆናት ንጹሕና ደረቅ ቦታ ለብቻዋ አዘጋጁ። ግቷ ሲሞላና በጭራዋ ግራና ቀኝ ያለው ጅማት ሲላላ ቀኑ ቀርቧል። ያን ጊዜ ሌሊትም ቢሆን እየተነሣችሁ እዩአት።

የእንሽርት ውሃው ፈሶ ሁለት ሰዓት ካለፈና ጥጃው ካልመጣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። በጉልበት አትጎትቱ። ጥጃው እንደተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር ይጥባ። እንገር ለጥጃ የመጀመሪያው መድኃኒቱ ነው። የእንግዴ ልጁ በ12 ሰዓት ውስጥ ካልወደቀም ለሐኪም ንገሩ።

ሁለት አደጋ አለ። አንደኛው መቅደም ነው። 260 ቀን ሳይሞላ ከወረደ ውርጃ ሊሆን ይችላል። ውርጃ ከሚያመጡት አንዱ ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ነው። በሽታው ወደ ሰውም ይተላለፋል። የወረደውን ጽንስ በባዶ እጅ አትንኩ፤ ለውሻ አትስጡ፤ ቅበሩት። የዚያችን ላም ወተት ሳታፈሉ አትጠጡ። ሁለተኛው መዘግየት ነው። ጽንስ በመጨረሻዎቹ ቀናት በየቀኑ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይጨምራል። 300 ቀን እየቀረበ ምልክት ካጣችሁ ሐኪም ያያት። ትንሽ ጊደርን ከትልቅ ዘር ኮርማ አለማስጠቃትም አንድ ጥንቃቄ ነው።

ቀኑን ያልጻፈ ሰው ግን ቀደመች ወይስ ዘገየች ብሎ መናገር አይችልም። ከምን ተነሥቶ ይቆጥራል?

ሳን ሱሲ በፈረንሳይኛ «ያለ ሐሳብ» ማለት ነው ይባላል። ላም ያለው ሰው ሐሳብ አያጣም። ደብተር ያለው ግን ሐሳቡ ይቀልለታል። ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህም ነው።

እስቲ አሁን እርሳስ አንሡና ሥሩ። ላማችሁ ለኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ኅዳር 13 ቀን ተጠቅታለች። 280 ቀን የሚሞላት መቼ ነው? የታኅሣሥ ሚካኤል ማግስት ቢሆንስ? ነሐሴ 23 እና መስከረም 18 ካላችሁ ልክ ናችሁ። አሁን ደግሞ የራሳችሁን ላም ቀን ጻፉ።