የምጣዱ መስመር

መካነ ሰላም ውስጥ «ብሬከሩ እየወደቀ አስቸገረን» ተብዬ ስጠራ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ምጣዱ የት እንደሚሰካ ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፤ ወይ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ የተሰካበት ዲቫይደር ላይ፣ ወይ ከሳሎን ሶኬት ተነስቶ በጓሮ በኩል እስከ ማድቤት በተጎተተ ቀጭን ሽቦ።

የእንጀራ ምጣድ ከሌላው የቤት ዕቃ ጋር የሚቆጠር አይደለም። አብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይበላል። 3.5 ኪሎ ዋቱ በ220 ቮልት 16 አምፒር ያህል ይስባል፤ ይህ ደግሞ ተራ ሶኬት የሚችለው የመጨረሻው ልክ ነው። ካውያ ሲግል ራሱን ያጠፋል፣ ውሃ ማፍያ ሲፈላ ያበቃል። ምጣድ ግን ሊጡ እስኪያልቅ አንድም ሁለትም ሰዓት ይጋገርበታል። በዚያው መስመር ላይ ስቶቭ ላይ ወጥ ከተጣደ፣ የእኛ ደጋ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች የሚፈላበት ከፍታ ስለሆነ ሽሮውም ምስሩም ቶሎ አይበስልም፤ ሽቦው ያንን ሁሉ ጊዜ ተሸክሞ ይቆያል።

በቅርቡ አንዲት እናት ቤት ሶኬቱን ከግድግዳው ፈታሁት። ፕላስቲኩ በአንድ በኩል ቀልጦ ቡናማ ሆኗል፣ የመዳቡ ጫፍ ጠቁሯል፣ ብሎኑ በጣት ይዞራል። «እትዬ፣ ይሄ ከተቀየረ ቆይቷል?» አልኳቸው። «ኧረ ልጄ፣ ከፋሲካ ወዲህ ነው የተገዛው» አሉኝ። ሶኬቱን ደጋግሞ መለወጥ መፍትሔ አይሆንም። በላላ ብሎን ላይ አንድ አሥረኛ ኦም እንኳ ብትፈጠር፣ 16 አምፒር ሲያልፍባት ከ25 ዋት በላይ ሙቀት ታወጣለች፤ ያውም ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ልመና ነው፦ «16ቱን ብሬከር አውጥተህ 32 አድርግልኝ፣ እንዳይወድቅ።» ይህን አላደርግም። ብሬከሩ የተቀመጠው ሽቦውን ሊጠብቅ ነው። 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ ላይ 32 አምፒር ብሬከር ሲገባ፣ ሽቦው ሲግል የሚያቋርጠው አይኖርም። የብዙው ቤታችን ግድግዳ ባሕር ዛፍ፣ ጭቃና ጭድ ነው፤ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ነው፤ ከኮርኒሱ በላይ ደግሞ አይጥ የጋጠው ሽቦ አለ። እሳት ከዚያ ከተነሳ ቤተሰቡ ሳያየው ጣሪያው ይያያዛል።

የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙም ከ5 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ ነው። ያንን ግድብ የሚሞላው ዓባይ መካነ ሰላም ያለችበትን የእኛን ቦረና በቆላው በኩል አልፎ የሚሄደው ወንዝ ነው። እንጨትና ከሰል በተወደደ ቁጥር የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚገዛው ሰው ይበዛል፤ ደስ የሚለኝም ነገር ነው፤ የእናቶች ዓይንና ሳንባ ከጭስ ያርፋል። የግድቡ ኃይል ቢኖርም የብዙው ቤት ሽቦ ግን ለአምፖልና ለሬዲዮ የተዘረጋ ነው።

ስለዚህ ለምጣዱ ከቆጣሪው ሥር ካለው ሳጥን ተነስቶ ሌላ ምንም ዕቃ የማይነካው መስመር ይሳብለት እላለሁ፤ 4 ካሬ መዳብ፣ የራሱ 20 አምፒር ብሬከር፣ መሐል ላይ በናስትሮ የተቀጠለ ነገር የሌለው። ማድቤቱ 25 ሜትር ቢርቅ፣ በ1.5 ካሬ ሽቦ መሄጃና መመለሻው ላይ 150 ዋት ገደማ ሙቀት ሆኖ ይባክናል፣ 9 ቮልትም ይጠፋል። በበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር 180 ቮልት ብቻ ከደረሰ፣ 3.5 ኪሎ ዋቱ ምጣድ ወደ 2.3 ይወርዳል፤ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ያን ጊዜ ሽቦው የሚበላት ቮልት ሁሉ ትቆጫለች።

ሦስተኛውን ሽቦ፣ ኤርዙን፣ ለማስቀረት አትደራደሩ። እርጥብ እጅ፣ የፈሰሰ ሊጥና የቆርቆሮ አካል ያለው ምጣድ አንድ ላይ ናቸው። «ትንሽ ይነዝረኛል» የሚባል ምጣድ ተነቅሎ ይቀመጥ። የኤርዙ ዘንግ በጋ ላይ መሬቱ ሲደርቅ ስለሚደክም፣ እርጥበት በማይለየው ቦታ ጠለቅ ብሎ ይመታ።

መዳብ ውድ መሆኑን አውቃለሁ። አቅም ካነሰ ፍሪጁም ስቶቩም ይቆዩ፣ ከምጣዱ ይጀመር፤ ማድቤቱንም ከቆጣሪው ማቅረብ ከተቻለ የሽቦው ዋጋ ይቀንሳል። ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ ደግሞ ግድግዳው ሳይለሰን ከሳጥኑ እስከ ማድቤት አንድ ባዶ ቱቦ አስቀብሩ፤ ሽቦውን ገንዘብ ሲገኝ እንስበዋለን።