የተጨመቀው ብርሃን፤ ከአራት ኪሎ እስከ ደብሊን

እኛ የኦሃዮዋ ደብሊን ነዋሪዎች ስለ ከተማችን ስንጠየቅ መልሳችን አንድ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው፣ ቤቱ ውድ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ባቴል የተባለው የምርምር ተቋም ኮሎምበስ ያለውን ዋና መሥሪያ ቤቱንና እዚህ ደብሊን ያለውን ቢሮውን በኳንተም የምስጢር ቁልፍ ማገናኘቱን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? መሣሪያው የስዊዘርላንዱ የአይዲ ኳንቲክ ነበር። ሰላይ መስመሩን ከነካ ብርሃኑ ይረበሻል፤ ይነቃበታል።

ያ መስመር ይሠራ የነበረው እጅግ ደካማ በሆነ ብርሃን ነው። ሌላም መንገድ አለ፤ የተጨመቀ ብርሃን ይባላል። ብርሃን የቱንም ያህል ቢጣራ የማይለቀው ትንሽ መንቀጥቀጥ አለው። ፊኛን በአንድ በኩል ስትጫኑት በሌላው እንደሚያብጥ ሁሉ፣ የብርሃኑም አንዱ ገጽታ እንዲረጋጋ ሌላው ይበልጥ መናወጥ አለበት። በቤተ ሙከራ መጀመሪያ የታየው በ1985 ቤል ላብስ ውስጥ ነው። ከ2019 ጀምሮ የአሜሪካው ላይጎ የስበት ሞገድን አጥርቶ ለመስማት ይጠቀምበታል፤ ቻይኖችም በ2020 ጂውጃንግ ያሉትን የኳንተም ማስሊያ የሠሩት በዚሁ ብርሃን ነው።

ጠላቱ ብክነት ነው። ከብርሃኑ ግማሹ መንገድ ላይ ከቀረ፣ የፈለገውን ያህል ቢጨመቅ መንቀጥቀጡ ከተለመደው ከግማሽ በታች አይወርድም። በጥሩ ፋይበር ደግሞ ግማሹ የሚጠፋው በ15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደብሊን ተነስታችሁ ኮሎምበስ መሃል ሳትደርሱ ማለት ነው።

እኔን የሚቆጨኝ አራት ኪሎ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል ፕሮፌሰር ፍስሐ ካሳሁን የኳንተም ኦፕቲክስን መሠረታዊ ትምህርት መጽሐፍ አድርገው በ2008 አውጥተዋል። እሳቸውና ተማሪዎቻቸው ባለ ሦስት እርከን አቶሞች የሚሰጡት ሌዘር ብርሃኑን ምን ያህል እንደሚጨምቀው ለዓመታት አስልተዋል፤ በወረቀትና በእስክሪብቶ። እኛ እዚህ «ኳንተም ለኢትዮጵያ» እያልን በዙም ስንሰበሰብ፣ (እኔም አለሁበት፣ አልዋሽም) አገር ቤት ያለውን ሥራ የጠቀሰ ሰው አልሰማሁም።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው የማይነቃነቅ ጠረጴዛ፣ ጥሩ ሌዘር፣ ልዩ ክሪስታል፣ መስታወቶችና የብርሃን መለኪያ ነው። ርካሽ አይደለም፤ እዚህ በብዙ ዩኒቨርሲቲ ግን ተዘርግቶ ይገኛል። እንግዲህ ኦፕቲክስ ላብ ውስጥ ያላችሁ ልጆች፣ ፕሮፌሰራችሁን አንድ ነገር ጠይቁልን፤ ስሌቱን ጨርሶ የመጣ የአራት ኪሎ ተማሪ ለአንድ ክረምት ቢቀበሉ ምን ይላሉ?