ሴንሰሮች ሲቀባበሉ ባትሪውን የሚበላው ምንድን ነው?

ውኃ በፈረቃ በሚዳረስባቸው የምሥራቅ አዲስ አበባ ሰፈሮች፣ በአያትም ሆነ በጎሮ፣ የመስመሩን ግፊት በየማንሆሉ የሚለካ የገመድ አልባ ሴንሰር መረብ ቢዘረጋ፣ ማለትም ትንንሽ መለኪያዎች የራሳቸውንም የጎረቤታቸውንም መረጃ እየተቀባበሉ ወደ ማዕከል የሚያደርሱበት ሥርዓት ቢተከል፣ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ የባትሪ ዕድሜ ነው። የብረት ክዳን የሬዲዮ ሞገድን ያደክማል፤ ባትሪ ለመለወጥም መንገድ ዘግቶ ክዳን ማንሣት ያስፈልጋል። በዚህም ምክንያት «ባትሪ ይበላል» ተብሎ ቶሎ የሚቀነሰው የደኅንነት ጥበቃው ነው፤ ስሌቱ ግን ይህን አይደግፍም።

ሲሲ2420 የተባለው የታወቀ የሬዲዮ ቺፕ ሲያዳምጥ 18.8 ሚሊአምፒር፣ በሙሉ ኃይሉ ሲያስተላልፍ ደግሞ 17.4 ሚሊአምፒር ስለሚወስድ፣ ምንም ሳይሰማ ጆሮ ሰጥቶ መቆየት ከመናገር ይበልጥ ያስወጣል። ከቀኑ 1 በመቶውን ብቻ የሚያዳምጥ መለኪያ ሬዲዮውን ለ864 ሰከንድ ይከፍታል። መልእክቱ ከእውነተኛው ላኪ መምጣቱንና በመንገድ አለመነካካቱን የሚያሳይ ባለ 4 ባይት የማረጋገጫ ኮድ ግን፣ በሰከንድ 250 ኪሎቢት በሚያስተላልፍ ሬዲዮ ላይ የሚጨምረው 128 ማይክሮሰከንድ በመሆኑ፣ በቀን 1000 መልእክት ቢላክ እንኳ የማስተላለፊያው ጭማሪ 0.13 ሰከንድ አይሞላም።

ይልቅ የሚያሰጋው የቁጠባው ዘዴ ራሱ ነው። መልእክቱ በየትኞቹ መለኪያዎች በኩል እንደሚያልፍ የሚወስነው ኃይል ቆጣቢ የመንገድ አመራረጥ፣ ጎረቤት ስለ ራሱ የሚናገረውን፣ ለማዕከሉ ቅርብ መሆኑንና ባትሪው ሙሉ መሆኑን፣ አምኖ ይቀበላል። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረቡት ሊች የተባለው ስልት፣ መለኪያዎችን በቡድን አደራጅቶ የመሪነቱን ሸክም በየተራ ያዳርሳል፤ ነገር ግን አባላቱ የሚከተሉትን መሪ የሚለዩት በሞገዱ ጥንካሬ ስለሆነ፣ ክሪስ ካርሎፍና ዴቪድ ዋግነር እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳመለከቱት፣ ኃይለኛ አስተላላፊ የያዘ አጥቂ «መሪው እኔ ነኝ» ባለ ጊዜ ሁሉም ወደ እርሱ ይጎርፋሉ። ስለዚህ የግፊቱን ቁጥር መመስጠር ሊቆይ ይችላል፤ የመንገድ ማስታወቂያን ሳያረጋግጡ መቀበል ግን ምክንያት አይገኝለትም።

የማንሆል ክዳን ሳይቀር በሚሰረቅበት ከተማ መለኪያም የማረጋገጫ ኮዱን ከሚያወጣበት የምስጢር ቁልፍ ጋር መወሰዱ አይቀርምና፣ ለመላው መረብ አንድ የጋራ ቁልፍ ከመስጠት ይልቅ ለየጎረቤት ጥንዱ የተለየ ቁልፍ መስጠት ጉዳቱን በተወሰደው መለኪያ ዙሪያ ይገድበዋል። እውነተኛ ቁልፍ የያዘ አጥቂ መልእክት እየመረጠ ቢያስቀር ኮዱ ስለማይገታው ደግሞ፣ የዘወትሩ ልኬት በአንድ መንገድ፣ ድንገተኛ የግፊት መውረድ ግን በሁለት የተለያዩ መንገዶች ቢላክ፣ እጥፍ ወጪው የሚከፈለው ቧንቧ በፈነዳ ዕለት ብቻ ይሆናል። በፈረቃ ሰፈር ግን ግፊት በየተራው ስለሚወርድ፣ የፈረቃው ሰዓት በመለኪያው ላይ ካልተጫነ እጥፉ ወጪ ውኃ በሄደ ቁጥር ይደጋገማል።