ከደመወዝ ስለሚቀነሰው ግብርና በአንድ ቤት ስለ ተነሣው ክርክር

ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ባለቤቱ ስለ ገቢው ስትጠይቀው በውሉ ላይ የተጻፈውን ይነግራታል፤ በወር መጨረሻ ግን ይዞት የሚገባው ከዚያ ያነሰ ነው። በቀድሞው ዘመን ዐሥራት ይከፍል የነበረው ገበሬ እህሉ ከዐውድማው ላይ ሲነሣ በዓይኑ ያይ ነበር፤ የዛሬው ደመወዝተኛ ግን ግብሩ አስቀድሞ በአሠሪው እጅ ተቀንሶ ስለሚቀር መውጣቱን ሳያይ ቀሪውን ብቻ ይቀበላል። ከዚህም የተነሣ በብዙ ቤት ጥርጣሬ ይገባል።

በቅርቡ ከሁለት ሽማግሎች ጋራ ለዕርቅ ወደ አንድ ቤት ተጠርቼ ነበር። የባልየው ደመወዝ በወር 12,000 ብር ነው። ወይዘሮዋ የምትቀበለው 8,910 ብር ስለ ሆነ፥ የጐደለው 3,090 ብር ወዴት እንደሚሄድ ብትጠይቀው «ከመቶ 30 ለግብር፥ ከመቶ 7 ለጡረታ ይወሰድብኛል» ብሎ መለሰላት። እርሷም ቍጥር የተማረች ናትና በወረቀት አሰበችው፤ ግብሩ 3,600፥ ጡረታው 840፥ ቀሪው 7,560 ብር ሆነ።

«አባቶቼ፥ ቀድሞ ስለ ጐደለው አዝኜ ነበር፤ አሁን ደግሞ 1,350 ብር ተርፎ አገኘሁት። ቃሉ እውነት ከሆነ ይህ ትርፍ ከወዴት መጣ? ደመወዙ ከነገረኝ የበለጠ ነው፤ የቀረውንም ለሌላ ቤት ይሰጣል ማለት ነው» ብላ አለቀሰች። ባልየው የደመወዙ ወረቀት በእጁ ሳለ ሊያስረዳት አልቻለም። ሰው የገዛ ገንዘቡን ነገር እንዲህ ሳያውቅ መኖሩ ያስደንቃል።

ስሕተቱ ያለው «ከመቶ 30» በሚለው ቃል ነው፤ ይህ ልክ በደመወዙ ሁሉ ላይ አይወድቅምና። በ2017 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 1395 መሠረት የወር ደመወዝ እስከ 2,000 ብር ድረስ ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ባለው ከመቶ 15፥ እስከ 7,000 ባለው ከመቶ 20፥ እስከ 10,000 ባለው ከመቶ 25፥ እስከ 14,000 ባለው ከመቶ 30፥ ከዚያ በሚያልፈው ላይ ከመቶ 35 ይከፈላል። እንግዲህ 12,000 ብር የሚያገኝ ሰው ከየደረጃው 300፥ 600፥ 750ና 600፥ በድምሩ 2,250 ብር ይከፍላል። የጡረታው 840 ብር ሲጨመርበት ልክ 3,090 ብር ይሆናል። ወይዘሮዋን ያስለቀሰቻት 1,350 ብርም ገንዘብ ያዦች ሥራቸውን ለማሳጠር ከጠቅላላው ደመወዝ ከመቶ 30 ካሰቡ በኋላ መልሰው የሚቀንሷት ቍጥር ናት።

በቀድሞው አዋጅ ከግብር ነጻ የነበረው 600 ብር ብቻ ስለ ነበረ፥ ከዚሁ ደመወዝ 2,700 ብር ይወሰድ ነበር፤ እስከ ዛሬ በዚያ የሚያስቡ አሉ። ደግሞም ጡረታ የሚታሰበው በመሠረታዊው ደመወዝ ላይ ስለ ሆነ፥ አበል ያለው ሰው ሁለቱን ለየብቻ ያስብ። አሠሪው ለጡረታ የሚጨምረው ከመቶ 11 ግን ከሠራተኛው ኪስ አይወጣም።

ይህን ስናገር አንደኛው ሽማግሌ እጃቸውን በጕንጫቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ኋላ እንደ ነገሩን፥ ልጃቸው 10,000 ብር ሲያገኝ ወደ 10,500 የሚያወጣው ዕድገት መጥቶለት ነበር። እርሳቸውም «ከ10,000 ያለፈ ደመወዝ ሁሉ ከመቶ 30 ይወሰድበታል» ሲባል ሰምተው እንዳይቀበል መክረውታል። እኔም በፊታቸው አሰብሁት፤ ከተጨመረው 500 ብር ግብሩ 150፥ ጡረታው 35 ሲወስድ 315 ብር በየወሩ ይደርሰው ነበር።

«አሁን ሊጠይቅ አይችልምን?» አልኋቸው።

«ቦታው ለሌላ ሰው ከተሰጠ ሁለት ወር ሆኖታል» አሉኝ፤ ወረቀቱንም ለልጃቸው ሊያሳዩት ተቀበሉኝ። ወይዘሮዋም ዓይኗን አብሳ ቡና ለማቅረብ ተነሣች።