ከገንዘብ ሣጥኑ በፊት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኘው አማኑኤል የማቻክል ወረዳ ከተማ ናት። በአማኑኤልና በአካባቢዋ፣ እንደ ሌላው የአማራ ክልል ሁሉ፣ የዓይን ነገር ሲነሣ ትራኮማ ሳይጠቀስ አይቀርም። ዓይነ ስውራን ልጆችን የሚረዱ በጎ አድራጎት ድርጅቶችን ትምህርት ቤት እንዴት ያግዝ ሲባል ግን ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የመዋጮ ሣጥን ነው። መዋጮው መልካም ነው። ሆኖም ትምህርት ቤት የትኛውም ድርጅት የሌለው ሀብት አለው፤ ልጆቹን በየቀኑ ያገኛቸዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ድጋፍ ችግሩን ቀድሞ ማየት ነው። ከጎረቤቱ ደብተር የሚገለብጥ፣ ሰሌዳውን ለማንበብ ዓይኑን የሚያጨነቁር ልጅ ሰነፍ ላይሆን ይችላል። እይታውን ለመለካት ባለ «E» ፊደሉ ሰንጠረዥ በስድስት ሜትር ርቀት ይሰቀላል፤ ልጁ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ የፊደሉ እግሮች ወዴት እንደዞሩ በእጁ ያመለክታል፤ ከዚያም ሌላውን ዓይን። ይህን የሠለጠነ መምህር በቀላሉ ይሠራዋል። የተለዩት ልጆች ስም ለወላጅና ለጤና ጣቢያ ሲደርስ፣ የሚረዳው ድርጅትም ማንን እንደሚረዳ ያውቃል።

ሁለተኛው መከላከል ነው። ትራኮማ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል፤ በልጅነት ደጋግሞ የያዘው ሰው ሲያድግ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ የዓይኑን ብሌን ይፈገፍገዋል። የክልሉ ጤና ቢሮ ከካርተር ማዕከልና ከላየንስ ክለብ ጋር በኅዳር 2001 ዓ.ም. የወባና የትራኮማ ሳምንትን ጀምሮ መድኃኒት በዘመቻ አድሏል። የልጆች መጠን የሚወሰነው በቁመት ነው፤ ልጁ ከመለኪያው እንጨት ጎን ይቆማል። መድኃኒቱ ግን ፊት አያጥብም። ውኃና ሳሙና ያለበት ግቢ፣ የሚያገለግል መጸዳጃ ቤትና የማለዳ የፊት ፍተሻ የትምህርት ቤቱ ድርሻ ናቸው።

ሦስተኛው ዓይነ ስውር ተማሪውን ማገዝ ነው። ብሬል በስድስት ነጥቦች የሚጻፍ ሲሆን በስሌት (ባለ ቀዳዳ የብሬል ሰሌዳ) እና በስታይለስ (መውጊያ) የሚጽፍ ተማሪ ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋና ወረቀቱን ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ በጣቱ ያነባል። ለዚህ ወፍራም ወረቀት ያስፈልገዋል። ጣት ቀለም ስለማያነብ ጊዜው ያለፈበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ይበቃዋል፤ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አሰባስቦ ሊሰጥ ይችላል። መጽሐፉን ጮክ ብለው እያነበቡ በስልክ ቀድተው የሚሰጡ የክፍል ጓደኞችም ብዙ ድካም ያቀልላሉ።

ገንዘብ ከተሰበሰበ ደግሞ አስቀድሞ ድርጅቱ የሚያስፈልገውን መጠየቅ፣ በደረሰኝ ማስረከብና ላዋጡት ተማሪዎች ሪፖርት ማድረግ ይገባል። ዓይነ ስውሩን ልጅ መድረክ ላይ አቁሞ ማስለቀስ ግን እርዳታ አይደለም።

ድጋፍ ያገኘ ልጅ የት እንደሚደርስ ወ/ሮ የትነበርሽ ንጉሤ ምሳሌ ናቸው፤ ወሎ አማራ ሳይንት ተወልደው በአምስት ዓመታቸው የዓይን ብርሃናቸውን አጡ። በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምረው የሕግ ባለሙያ ሆኑ፤ በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በር የከፈተላቸው ትምህርት ነው። መምህራንና ወላጆች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት በየክፍላችሁ ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ድጋፉ ከዚያ ይጀምራል።